ልሳን ያልጠየቀው ቃል

የሬዲዮ ጣቢያው ሰው ሁሉ «ልሳን» የሚለው ዋናው ዜና አንባቢ ምድር ቤት ባለው አሮጌ የቀረጻ ክፍል ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የማይክሮፎን ማቆሚያ አጠገቡ ወድቋል። ክፍሉ ድምፅ አያስወጣም፤ ጮኾ ከሆነም የሰማው የለም። መርማሪዋ ሬሳውን ስታገላብጥ ከደረቱ ስር ስልኩን አገኘች፤ ገጹን አየት አደረገችና ለማንም ሳታሳይ ኪሷ ከተተችው።

ፖሊሶቹ ቸኩለው ተተኪዋን አንባቢ በካቴና አስረዋታል። ጠዋት ልሳን በሰው ፊት ሲያዋርዳት «ከአንተ የሚገላግለኝ ባገኝ!» ብላዋለች። ለዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ዕድሜ ልኳን ልትታሰር ነው።

በሰዓቱ ሕንጻው ውስጥ ከእሷ ሌላ የነበሩት አዛውንቱ የድምፅ ባለሙያና ሁሉም ጋሽ ቶም የሚለው የዜና አርታኢ ብቻ ናቸው። መርማሪዋ ከአርታኢው ጀመረች።

«እኔ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም» አለ። «ምስኪን፣ አንዲት ቃል ሲለማመድ ሞተ።»

አላቋረጠችውም። ልሳን ሊያነበው የነበረውን ዜና አነሳች፤ መሀሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንድ ቃል አለ። «ይቺ እንዴት ነው የምትነበበው?»

«ተምሳሌት ማለት ናት።»

«ትርጉሟን መች ጠየቅኩዎት?»

አርታኢው መነጽሩን መወልወል ጀመረ።

ቀጥላ የድምፅ ባለሙያውንና ተተኪዋን አንድ ላይ አነጋገረች።

«ልሳን ምድር ቤት ምን ሊሠራ ወረደ?»

«ሸለብ ሊያደርግ ነዋ!» አሉ የድምፅ ባለሙያው። «ከዜና በፊት ሁሌ ይወርዳል።»

«እኔ ደግሞ ከሴት ጋር በስልክ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር» አለች ተተኪዋ፣ እንባዋን በታሰረ እጇ እየጠረገች።

«የሚጠራበትን የማታውቁት ቃል ሲመጣስ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ጮክ ብለን እንጠይቃለን፤ ያወቀ ይመልሳል። ልሳን ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም» አለች ተተኪዋ።

«እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።»

«ኢ... ኢፒቶም?»

አዛውንቱ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው አፈሩ። መርማሪዋ ወደ ጎን ወስዳ ጠየቀቻቸው፤ በጆሮዋ ነገሯት። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል።

ሁሉንም በዜና ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ለልሳን አላውቅም ማለት ሞቱ ነበር» አለች። «ስለዚህ ግራ የገባው ቃል ሲገጥመው ማንም ወደማይሰማው ክፍል ይወርዳል። እዚያ ከስልኩ መዝገበ ቃላት እየሰማ ይለማመዳል። ስልኩን ያገኘሁት መዝገበ ቃላቱ እንደተከፈተ ሬሳው ስር ነው፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም። እነዚህ ሁለቱ ሊተኛ ወይም ሊያወራ የወረደ መስሏቸው ነበር። እርስዎ ግን ‹ቃል ሲለማመድ› አሉኝ። ከወንበሬ አልተነሳሁም ያሉ ሰው ይህን በምን አወቁ?»

አርታኢው መነጽሩን መልሶ አጠለቀ።

«እርስዎ እኮ በየዜናው የውጭ ቃል ሲያዩ በቀይ የሚሰርዙ ሰው ነዎት። ተምሳሌት የሚል ቃል እያለ ይህን ያስገቡት ልሳን አጠራሩን በእርግጠኝነት እንደማያውቀውና ሊለማመድ እንደሚወርድ ስለሚያውቁ ነው። ተከትለውት ወረዱ።»

«ለምን ብዬ?»

«የድምፅ ባለሙያው ነግረውኛል። ድሮ እርስዎም አንባቢ ነበሩ። አንድ ቀን ‹ኢፒተሚ› ተብሎ የሚነበበውን ይህንኑ ቃል በቀጥታ ስርጭት ‹ኢፒቶም› ብለው አነበቡ። እሳቸው ስህተት መሆኑን ሲነግሩዎት ልሳን ማይኩ ሳይዘጋ ሳቀብዎት፤ በማግስቱ ‹ቶም› የሚል ስም አወጣልዎት።»

«እኔ እኮ እውነተኛ ስማቸው ነው የሚመስለኝ!» አለች ተተኪዋ።

አርታኢው ብድግ አለ። «የአንባቢነት ወንበሬን ወሰደ፣ እሺ! ስሜን ግን ምን አደረገው? ልጄ ትምህርት ቤት ገብቶ የአባትህ ስም ማነው ሲሉት ‹ቶም› አለ። የገዛ ልጄ! ያቺን ቃል ያስገባኋት አውቄ ነው። በሩን ገርበብ አድርጌ ቆሜ፣ መዝገበ ቃላቱን ገና ሳያዳምጥ ኢፒቶም፣ ኢፒቶም ሲል ሰማሁት፤ እሱም እንደኔው ተሳስቶ! ደግሜ ብገድለው ደስ ይለኛል።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከልጅቷ እጅ ፈትቶ ወደ እሱ ዞረ። መርማሪዋ መታወቂያውን ተቀበለችና የተያዘበትን ምክንያት ልትነግረው በሙሉ ስሙ ጠራችው።

የድምፅ ባለሙያው ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን ቃኙ።

«ማነው እሱ?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለ አርታኢው፣ እጆቹን እየዘረጋ።