መንጌ ገበያ የሰቀልኩት ወረቀት

እኔ ጥንቆላ ሲነሳ የምስቅ፣ መንፈስ ምናምን ሲሉኝ «ሥራ ፈቶች!» ብዬ የማልፍ ሰው ነበርኩ፣ አሁን ሸምግዬም ያው ነኝ፣ ይህችን አንዷን ነገር ብቻ ግን ምን ልበላት?

ታላቅ ወንድሜ አለሙ ከጎጃም ጨው ጭኖ፣ በርታዎች አገር መንጌ ገበያ ላይ በወርቅ ሊለውጥ ወርዶ ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። እናታችን «ካለ አለ በሉኝ፣ ከሞተም ላልቅስለት» ብላ እህል አልዋጥ ሲላት በቅሎዬን ጭኜ ወረድኩ። ወይ መንጌ! ወርቅ በአሞራ ላባ ቀፎ ተሞልቶ የሚሸጥባት፣ የዓረቡም የበርታውም የኛም ቋንቋ የሚንጫጫባት ገበያ፣ ዛሬም ትናፍቀኛለች።

ገበያው መሀል አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፣ የጠፋ አህያ ቢሆን፣ የሚፈለግ ሰው ቢሆን፣ በወረቀት ተጽፎ እሱ ላይ ይታሰራል። ቁርኣን የሚያስተምሩት ሼህ ኢድሪስ ይጽፋሉ፣ ማንበብ ለማይችለውም ጮክ ብለው ያነባሉ። የወንድሜን ስምና መልክ አስጻፍኩና፣ እኔ ሞኙ፣ ጠዋት ጥላ ስላለው ሰው ይበዛበታል ብዬ በምዕራብ በኩል አሰርኩት።

ሼሁ ሲያዩ ደነገጡ። «ያ አላህ! ያንተ ወንድም ሞተ እንዴ? በዚህ በኩል የሚታሰር የሞተ ሰው ስም ነው፣ ዱዓ የሚደረግለት። የጠፋ ሰው ፀሐይ መውጫ በኩል ነው!»

አፍሬ ወደ ምሥራቅ አዞርኩት። በማግስቱ ስመጣ ምዕራብ በኩል ነው! «ማነው የሚያሾፍብኝ?» ብዬ ጮህኩ፣ መልሼ አዞርኩት፣ በማግስቱም ያው። እመነኝ፣ ደሜ ፈላ።

አርብ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛው ለጁምዓ ሲሄድ፣ ወረቀቱን ምሥራቅ በኩል በሦስት ቋጠሮ አስሬ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ከግንዱ ጀርባ ግን ገመድ ተስቦ ሲጠብቅ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎም ጭነት የሚያስር ሰው የሚያወጣው ዓይነት «እህ!» የሚል ትንፋሽ። ሮጬ ዞርኩ፣ ማንም የለም፣ ወረቀቱ ግን እዚያ ታስሯል፣ እኔ ያሰርኩበት ቦታ ባዶ ነው። ቋጠሮው የአለሙ ነበር! ግራኝ ስለሆነ በቅሎ ሲጭን ገመዱን በተቃራኒው ነው የሚያዞረው፣ ልጆች ሆነን ስንት ጊዜ እየሰደብኩት ፈትቼዋለሁ መሰለህ፣ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ሼሁ ከሶላት ሲመለሱ አይተው ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ። «ተው፣ አትንካ፣» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሱ ራሱ ቦታ መረጠ።» እኔ ግን ሞቷል የሚለውን እሺ ብዬ አልተቀበልኩም፣ ወረቀቱን ባለበት ትቼ በቅሎዬን ጭኜ አገሬ ገባሁ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ።

«አየኸው?» አለችኝ።

«አየሁት፣» አልኳት።

እልል አለች። እስክትሞት ድረስ ይመጣል ብላ ማታ ማታ መደቡን አንጥፋለት ታድር ነበር፣ ዋሽቻት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።