የሰሚራ መብራት

ዘምዘም ጠዋት ቤተ ሙከራው ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ዓሦቹን ሳይሆን ግድግዳው ላይ የተዘረጋውን የባሕር ካርታ ነበር። የከተማዋ ልጆች መብራቶች በሙሉ እዚያ ላይ ይታያሉ። የልጅ ልጇ የሰሚራ መብራት ከታች በስተቀኝ በኩል ቀስ እያለች ትንቀሳቀሳለች። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ሽርጧን አሰረች።

ምድር ተሰንጥቃ ቀይ ባሕር ወደ አፋር ረባዳ ከገባ ወዲህ በአዲሱ ባሕር ዳር የተቆረቆረችው ከተማ አንድ ልማድ ነበራት። ልጅ ስም ሲወጣለት አንዲት የዓሣ ጫጩት በስሙ ወደ ባሕር ትለቀቃለች። ጎኗ ላይ «የስም ፍሬ» ይተከልባታል። ፍሬዋ ከሩዝ የማትበልጥ፣ ኃይሏን ከዓሣዋ እንቅስቃሴ የምታገኝ፣ በትንሽ መንጠቆ ሥጋ ነክሳ የምትይዝ ምልክት ሰጪ ናት። ዓሣዋ እስከዋኘች ድረስ በልጁ ቤት በር ላይና በቤተ ሙከራው ካርታ ላይ መብራት ትበራለች።

ነገሩ ለጨዋታ አልነበረም። ከተማዋን ከማዕበል የሚጠብቃት ጥቃቅን ሕያዋን የገነቡት የኮራል አጥር ነው። ኮራሉን የሚያንቀውን አልጌ የሚግጡለት ትንንሾቹ ዓሦች ናቸው። እነሱ ካለቁ አጥሩ ይሞታል፤ አጥሩ ከሞተ ማዕበሉ ቤት አይመርጥም። የዘምዘም ልጅ፣ የሰሚራ እናት ኢክራም የምትኖረው ደግሞ ከአጥሩ ጥግ ነበር። ባሏ ደጋ ሥራ አግኝቶ «ኑ» ቢላት እምቢ ብላለች።

«የሰሚራ መብራት ቦግ ብላ እየበራች ምን ሆኜ ልሂድ?» ብላ ነበር ትናንት።

«ሂጂ ብያለሁ። ልቤ ደስ አላለውም።»

«እማዬ ደግሞ! ዝናብ ሲያካፋ ጎርፍ መጣ፣ አንድ ሰው ሲያስል ሳንባ ነቀርሳ ነው ትያለሽ። ልብሽ መቼ ደስ ብሎት ያውቃል?»

ዘምዘም ራሷም ታውቀዋለች፤ ኢክራም እውነቷን ነው።

ሥራዋ አዳኞች የሚያመጡትን አንበሳ ዓሣ መመርመር ነበር። አንበሳ ዓሣ ክንፉን እንደ ጎፈር የሚዘረጋ፣ እሾሁ መርዛም፣ ከቀይ ባሕር ጋር የገባ፣ በዚህ አዲስ ባሕር ግን የሚደፍረው የሌለ ነው፤ ያገኘውን ጫጩት ሁሉ ይውጣል። «ሆድ አንባቢ» የሚባለው ማሽን ዓሣውን ሳይቀድ ምን እንደበላ ይናገራል። ከክረምት ወዲህ ማሽኑ የሚናገረው «ባዶ» ብቻ ነበር። ጠላት ሊሞት ነው ተብሎ ከተማው ተደስቷል።

የዚያን ቀን ማሽኑ አልነሳ አለ።

«ደግሞ ምን ሆነች?» አለ የአዳኞቹ አለቃ ደጀኔ ቅርጫቱን እያስቀመጠ።

«ጨው በልቷታል መሰለኝ።»

«እንግዲህ እትዬ ዘምዘም፣ ቢላዋ አይጠፋ! ከማሽን በፊትም እኮ ሰው ሆድ ይቀድ ነበር።»

ወፍራም ጓንት አጥልቃ እሾሁን ከረከመችና ሆዱን ቀደደች። እውነትም ምግብ የለበትም። ነገር ግን ቢላዋው ቀጭ አለ። በጨጓራው ግድግዳ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነገር ተሰክቷል። ከጎኑ ሌላ፣ ከሥሩም ሌላ። ሁለተኛውን ዓሣ ቀደደች፤ ያው ነው። ሦስተኛው ሆድ ውስጥ ከፍሬዎቹ ጋር ግማሹ የቀለጠ ትንሽ ጎፈር አገኘች። የገዛ ወገኑን በልቷል።

ማሽኑን ያስተማሩት ሥጋና አጥንት እንዲለይ ነበር። ጠጣር ነገር ሲያይ አሸዋ ነው ብሎ ያልፋል።

«ደጀኔ፣ ስታድኑ መብራት የሚጠፋው ለምንድን ነው?»

«ዓሦቹ እየደነገጡ ይሞታሉ ስንል አልነበር...» አለና ፍሬዎቹን አይቶ አንዷን በጣቱ አነሳ።

«ትንንሾቹ ዓሦች የሉም፤ ተበልተው አልቀዋል። መንጠቆዋ ጨጓራውን ነክሳ ትቀራለች። የሚዋኘው እሱ ነው፤ የሚያበራልንም እሱ ነው።»

ደጀኔ የሰሚራን ምልክት ተከትሎ አንድ አንበሳ ዓሣ ከነሕይወቱ ይዞ መጣ። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ከተቱት። ወዲያ ሲል የግድግዳዋ መብራት ወዲያ፣ ወዲህ ሲል ወዲህ።

ዘምዘም ልጇን አስጠራች። ኢክራም ሰሚራን ታቅፋ ገንዳውን ስታይ ቆየች።

«አየሽ? አጥሩን የሚጠብቅ ዓሣ የለም፤ አሁን ትሄጃለሽ» አለች ዘምዘም። «ካላመንሽኝ ልግደለው፤ መብራቷ ስትጠፋ ታያለሽ።»

«እንዳትነኪው!»

«ኢክራም፣ ይሄ እኮ የበላት ነው።»

«ትብራ እንጂ የትም ሆና ትብራ! የልጄን መብራት በእጅሽ ልታጠፊ? ወላሂ እማዬ፣ ካጠፋሽ ዓይንሽን አላይም።»

ቀኑ ሳይመሽ ወሬው ከተማውን ሞላው። ዘምዘም ሰው ዕቃውን ሸክፎ የሚወጣ መስሏት ነበር። ሰዉ ግን ወደ ወደቡ ወርዶ የደጀኔን የማደኛ ጦሮች ሰበረ። «መብራታችንን አታጥፉብን!» ይሉ ነበር እናቶቹ። ማደን ቆመ። ኢክራምም ቤቷ ተመለሰች፤ ልጇን ከመብራቷ ሥር አስተኛች።

በማግስቱ የገንዳው ዓሣ በረሃብ ደክሞ ተንጋደደ። የሰሚራ መብራት ፈዘዘች። ዘምዘም ቢላዋውን አነሳች። አንድ ጊዜ ብትወጋው ኢክራም ትጠላት ይሆናል፤ ግን ምናልባት ልጇን ይዛ ትወጣለች። የመብራቷን መፍዘዝ አየች፣ የሰሚራን ፊት አሰበች። ቢላዋውን አስቀመጠች።

አንበሳ ዓሣ የሞተ ነገር አይበላም። በቤተ ሙከራው በሕይወት የነበረችው በቀዝቃዛ ውሃ ደንዝዛ የተቀመጠች አንዲት ጫጩት ብቻ ናት፤ ለዚያ ቀን ስም ለሚወጣለት ሕፃን የተዘጋጀች፣ ፍሬዋም የተተከለባት። ዘምዘም በመዳፏ አውጥታ ገንዳው ውስጥ ለቀቀቻት። ጫጩቷ ሙቀቱ ሲሰማት ነቅታ ዋኘች። ዓሣው ጎፈሩን ዘረጋ፣ ዋጣትም።

ግድግዳው ላይ የሰሚራ መብራት ደመቀች። ከጎኗ አዲስ መብራት በራች። ከውጭ ስም ከሚወጣበት ቤት የእልልታ ድምፅ ተሰማ።

ዘምዘም ክፉ ነገር በየት በኩል እንደሚመጣ ስታሰላ ነው የኖረችው፤ በባሕር፣ በንፋስ፣ በበሽታ። ከእጇ ይጎርሳል ብላ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም ነበር።