የአባቴ ደወል

መጀመሪያ የጠየቀኝ ስሜን አልነበረም።

«ይሄ አላርም ሲጮህ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ።

«አጠፋዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መልሶ ይጮሃል።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሱ ጻፈው። የፋብሪካውን እንፋሎት የሚያመነጨው ቦይለር ኦፕሬተር ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ስክሪኖቹ ፊት ስቀመጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እሱ አላርሞቻችንን ሊያስተካክል የተቀጠረ ኢንጂነር ነው። በቀን ዘጠኝ መቶ ጊዜ ይጮኹብናል፤ እኛም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን ኖረናል። «ምን እንደምታደርጊ የማይነግርሽ አላርም ጫጫታ ነው» ይላል። ሠራተኛው ወዲያው «አቶ ጸጥታ» የሚል ስም አወጣለት።

ሦስት ወር ሙሉ ከጎኔ እየተቀመጠ አንድ በአንድ አጣራቸው። ክፍሉ ጸጥ እያለ ሲሄድ ትንፋሹን መስማት ጀመርኩ። ያየኛል፤ ዞር ስል ስክሪኑን ያያል። ሴት ልጅ አትቀድምም ይባላል፤ እኔ ግን መጠበቅ አልችልበትም።

«ስማ» አልኩት አንድ ከሰዓት፣ «ታየኛለህ፣ ዝም ትላለህ። እኔ ምን ላድርግ? ካልነገርከኝ አንተም ጫጫታ ነህ።»

እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ቆየ።

«እሑድ አባትሽን ላነጋግር ልምጣ?» አለ ከዚያው ሆኖ።

«ና» አልኩት።

እሑድ ሳይደርስ ግን ተራው የአባቴ ደወል ሆነ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እዚሁ የፈረቃ ኃላፊ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ የቦይለሩ ውኃ ማንም ሳያውቅ ወርዶ፣ ቦይለሩ ፈንድቶ የልብ ጓደኛው ተቃጥሎ ሞተ። ከዚያ በኋላ አባቴ ውኃው ገና ትንሽ ዝቅ ሲል የሚጮህ አላርም አስገጠመ። ይኸው በየፈረቃው አርባ ጊዜ ይጮሃል። አቶ ጸጥታ የሚጮህበትን የውኃ መስመር ዝቅ ላድርገው አለ፤ ወሬው አባቴ ጆሮ ገባ።

«ያንን ደወል የነካ ሰው የቤቴን ደጃፍ አይረግጥም» አለ አባቴ። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

እኔም ኢንጂነሩን ለመንኩት። «ይሄን አንዱን ብትተወውስ? ለእኔ ስትል።»

«ለአንቺ ስል ነው የማልተወው» አለኝ። «ፊቱ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።»

ተናድጄ ሳልሰናበተው ሄድኩ። ሲነጋ ግን ልክ መሆኑ ገባኝ፤ የወደድኩትም ለዚሁ ነው። አባቴን «አባዬ፣ አንድ ቀን አብረኸኝ ዋል» አልኩት።

መጣ። ኢንጂነሩ በር ላይ ቆሞ ሰላም አለው፤ አባቴ ለግድግዳው መለሰ። ከጎኔ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የድሮውን ጨዋታ ያመጣልኝ ጀመር። ዞሬ እየሰማሁት ሳለ ወሬውን አቋረጠ።

«አሁን ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ደወሌ ጮኸ፤ አጠፋሽው። ዓይንሽ እኔ ላይ ነበር።»

አልሰማሁትም። እጄ ብቻውን ሄዶ ተጭኖታል። መዝገቡን ስክሪኑ ላይ ከፍተን ስናይ ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ አጥፍቼዋለሁ፤ አንዱንም አላስታውስም። አባቴ እንደዚያ ሲፈራ አይቼው አላውቅም።

«ለእሱ ደወል አልነበረለትም» አለ፣ ጓደኛውን ማለቱ ነው። «ለአንቺ ደግሞ በዝቶ እንደሌለ ሆነ።»

ከዚያ ወደ በሩ ሳይዞር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ና። የት ላይ ልታደርገው ነው?» አለ።

ኢንጂነሩ በጣቱ አሳየው። «እዚህ ጋ፣ ጋሼ። ከዚህ ሲወርድ መጠባበቂያውን የውኃ ፓምፕ ለማስነሳት አራት ደቂቃ ይኖራታል።»

«አምስት አድርገው። ልጄን አውቃታለሁ፤ ከእንቅልፏ ለመነሳት እንኳ ዓመት ይፈጅባታል።»

አስልቶ አምስት አደረገው፤ ኃላፊዎቹም ፈረሙበት። አባቴን ስሸኘው ስለ እሑዱ ጠየቅሁት።

«ደወሉ ይነካ» አለኝ። «የሰውዬው ነገር ግን ደወሉ ሲጮህ ይታያል።»

አልጮኸም። ሦስት እሑዶች አለፉ። አቶ ጸጥታ ከስቶ አንጀቴን በላው። እኔ ግን አልሰጋሁም፤ ሥራውን በዓይኔ አይቻለሁ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ልክ ከምሳ ስመለስ፣ ጮኸ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ደንግጬ ብድግ አልኩ። እጄ ወደ ማጥፊያው አልሄደም። አነበብኩት፤ ፓምፑ ቆሟል። መጠባበቂያውን አስነሳሁ። ውኃው ቀስ እያለ ሲወጣ አቶ ጸጥታ ከጎኔ ቆሞ እጄን ያዘኝ። መስመሩን እስኪያልፍ ጠብቄ ስልኬን አነሳሁ።

«አባዬ፣ ጮኸ።»

«ምን አደረግሽ?»

«ፓምፕ አስነሳሁ።»

«በስንት ደቂቃ?»

«አንድም አልሞላ።»

ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

«እንግዲህ ለባልሽ ንገሪው» አለኝ። «ልክ ነበርክ ብሎሃል በይው።»

«ገና ባሌ አይደለም እኮ፣ አባዬ።»

«እሱማ እሑድ እንዳያረፍድ በይው» አለና ዘጋው።