በስቶይል ጭን ላይ የተገኘው መጽሐፍ

ማርች አንድ ቀን፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ራድካ በአገሩ ልማድ በዚህ ዕለት ለጤና የሚታሰረውን ቀይና ነጭ ክር በአጎቷ የእጅ አንጓ ላይ ልታስር ወደ ክፍሉ ገባች። እጁ በረዶ ሆኖ ነበር። ደራሲው ስቶይል የማንበቢያ ታብሌቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል።

ሐኪሙ በትራስ ታፍኖ ነው የሞተው አለ። ቤቱ ውስጥ ያደረችው ራድካ ብቻ ናት፤ ቤቱን የምትወርሰውም እሷው።

ኢንስፔክተር ኩርቴቫ ጎረቤቲቱን ጠየቀች።

«እማማ ቶንካ፣ ትናንት ማን ገባ? ማን ወጣ?»

«አሳታሚው ሉበን ብቻ። ሲመሽ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ድመት እንኳ አልገባችም።»

«ሁልጊዜ መስኮት ላይ ነዎት?»

«ቴሌቪዥኔ ተበላሽቶ የት ልሂድ ታዲያ?»

ሉበን ተጠርቶ መጣ። «ስወጣ ደህና ነበር» አለ። «አዲሱን ልቦለዳችንን ከእኔ ታብሌት ወደ እሱ ታብሌት ገልብጬለት፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እየሳቀ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ከእኔ በኋላ ማን እንደቀረ ይታወቃል።»

«እኔ... ራሴን አሞኝ እሱ ሳይወጣ ቀድሜ ነው የተኛሁት» አለች ራድካ። ድምፅዋ ለራሷም የውሸት መሰላት።

ኩርቴቫ ታብሌቱን ስትነካካ ቆየችና ራድካን፣ ቶንካንና ሉበንን ፊቷ አስቀመጠቻቸው።

«አቶ ሉበን፣ እርስዎ በምን ያነባሉ?»

«በወረቀት ነዋ! ታብሌቱ ለመጽሐፍ ሻጮች ሽፋን ማሳያ ነው።»

«መጽሐፎቹ እንዳይገለበጡ ቁልፍ ያስደረጉት ግን እርስዎ ነዎት።»

«ሌባው በዝቶ!»

«በዚሁ አይደል ስትጨቃጨቁ የከረማችሁት!» አለች ቶንካ። «‹አንባቢ የገዛው መጽሐፍ ታብሌት ሲቀይር አይከፈትለትም፤ ሥራዎቼን ከአንተ እወስዳለሁ› ስቶይል ሲልህ ግድግዳው አሰምቶኛል።»

ኩርቴቫ በስቶይል ታብሌት ላይ የሚታየውን የልቦለዱን ሽፋን ነካችው። ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ይህ መጽሐፍ ለሌላ ሰው የተፈቀደ ነው፤ በዚህ መሣሪያ አይከፈትም።»

«መገልበጡንስ ገልብጠዋል፤ ሽፋኑም ይታያል» አለች። «ቁልፉ ግን አንዲት ገጽ አያሳይም። ስቶይል ያልተከፈተለትን ምዕራፍ እንዴት አነበበ? ሽፋኑን ሲያዩ የተሳካ መስሎዎት ጭኑ ላይ አኖሩት፣ ሲወጡ በሕይወት የነበረ እንዲመስል። ሲወጡ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ይህ ውሸት ምን ይሠራልዎታል?»

ሉበን ታብሌቱን ነጥቆ ደጋግሞ ነካው። ጽሑፉ አልተለወጠም።

«የእሱ ሥራዎች ከሄዱ እኮ እኔም የለሁም» አለ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ።

ሉበን ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። ራድካ ለአርባው ስንዴ ቀቅላ ለጎረቤት አደለች፤ እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ግን በዚያ ቤት ማደር ፈርታ የምታድረው እማማ ቶንካ ዘንድ ነበር።