መሃሉ ቀዳዳ ትራስ

የጤና ጣቢያው ሰዎች «እሬት» ይሏታል። እሷም ታውቃለች፣ ደስም ይላታል። ቁስል ላይ የጥርስ ሳሙና የሚቀባ፣ አመድ የሚነሰንስ፣ «አየር ያግኘው» ብሎ ፋሻ የሚፈታ ሰው በሞላበት ዓለም ማር መሆን ለማን ይጠቅማል? ቁስል እንደ ታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ እንደማይሰጣ፣ ልክ ያለው እርጥበት እንደሚያሻው ስታስረዳ ኖራለች። ሰው ግን ከነርስ ይልቅ ጎረቤቱን ያምናል።

ቤት ለቤት እየዞረች የአልጋ ቁስል ታክማለች። ሶፋ ሠሪውን ያገኘችውም በዚሁ ሥራ ነው። እናቱ ወድቀው አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ከወገባቸው በታች ቆስለዋል። እሱ ደግሞ እጁ አያርፍም፤ መድኃኒት ያለውን ነገር ሠርቶ ጠበቃት። ከስፖንጅ የተቆረጠ፣ በቀይ ከፋይ የተለበጠ፣ መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ትራስ ነበር። ቁስሉ ቀዳዳው ላይ ሲውል ምንም አይነካውም ብሎ በኩራት አስረዳት።

በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው።

«ይሄን አስበህበት ነው የሠራኸው?»

«አዎ ሲስተር። ሁለት ጊዜ አፍርሼ ነው ያሳመርኩት።»

«ባታስብበት ይሻል ነበር።»

ትራሱ ዙሪያውን ሲጫን ደም ወደ መሃል እንደማያልፍ፣ መሃል ያለው ቁስል ደግሞ ያለ ደም እንደማይድን ነገረችው። የተጎዳውን ቦታ በዘይት የምታሸውን እህቱንም አልማረቻት። እህቱ አኮረፈች። እሱ ግን አላኮረፈም፤ ታዲያ እንዴት ላስተኛቸው ብሎ ጠየቃት። ንቀቷን አዘጋጅታ የመጣች ሴት ጥያቄ ሲገጥማት ትንሽ ግራ ይገባታል።

ትራሱን ጓዳ ወረወረው። በነገረችው መሠረት ለጀርባ መደገፊያ የሚሆን ስፖንጅ ቆርጦ እናቱን በጎን በኩል እያገላበጠ ያስተኛ ጀመር። ቁስሉን ለምን ውስጡ ድረስ በፋሻ እንደምትሞላው ሲጠይቃት «አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ» አለችው፤ ከላይ ተዘግቶ ከሥር የሚበላ ቁስል ብዙ አይታለች። አንድ ቀን ደግሞ ቆዳ ከመላጡ በፊት መጎዳቱ እንዴት እንደሚታወቅ አሳየችው።

«መጽሐፉ ይቀላል ይላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ቶሎ አይታይም። በእጅህ ጀርባ ዳስሰው፤ ካካባቢው ከሞቀና ከጠጠረ ተጎድቷል።»

እጁን ከእጇ አጠገብ አሳረፈ። ሁለቱም ከሚያስፈልገው በላይ ዳሰሱ። እናትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ በር ላይ እየጠበቀ ቦርሳዋን ይቀበላታል። ከባድ አይደለም ትለዋለች፤ ትሰጠዋለች ግን። ቁስሉ ከሥር እየሞላ፣ ዳር ዳሩ እየገጠመ ሲሄድ መደሰት ሲገባት ከፋት። ከዳኑ የምትመጣበት ምክንያት የለም።

ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው አንድ ጠዋት ፋሻውን ፈታች። በቁስሉ ዙሪያ ቆዳው ጠቁሯል። በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው፤ ይሞቃል፣ ጠጥሯል፣ ዙሪያውም እንደ ትራሱ ክብ ነው። ደሟ ፈላ። ሶፋ ሠሪውን በእህቱና ሊጠይቁ በመጡት ጎረቤቶች ፊት አፋጠጠችው።

«ከእናትህ ገላ የገዛ ሥራህ በለጠብህ አይደል? አንተ ስፖንጅ እንጂ ሰው አይገባህም።»

አፉን ሊከፍት ሲል እናቱን አያቸው። እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ።

«ይቅርታ ሲስተር፣» አለና ወጣ።

ከዚያ በኋላ በር ላይ የሚጠብቃት ጠፋ። እህቱ ሱቁ እንደሚውል ነገረቻት። ገደል ይግባ አለች በልቧ። ቦርሳዋ ግን ከበዳት።

በሌላ ቀን አንሶላ ስትቀይር ከፍራሹ ሥር ቀይ ከፋይ ብቅ አለ። ጎትታ አወጣችው።

«እማማ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«እኔ ነኝ በእህቱ እጅ ከጓዳ ያስመጣሁት፣ ልጄ። እሱ ሲወጣ እተኛበታለሁ፣» አሉ ሳያፍሩ። «ከዳንኩ ትቀሪያለሽ። የኔ ልጅ ደግሞ የሚላጨው አንቺ በምትመጪበት ቀን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ስሰድበው ዝም አሉ?»

«እሱ ዝም ሲል ምን ልበል? እኔ እንዳላፍር ብሎ ነው።» ቀና ብለው አዩዋት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ሂጂ ልቀሚ።»

ዓለምን ሁሉ የናቀችው ሴት እስከዚያ ቀን ያልናቀችው ሰው አንድ ራሷን ነበር። ያን ቀን ራሷንም ናቀች። ትራሱን በብብቷ ይዛ ሱቁ ድረስ ሄደች። ሶፋ ሠሪው ከሠራተኞቹ ጋር ጨርቅ ይወጥራል። ፂሙ አድጓል።

«የሰደብኩህ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታም የምጠይቅህ በሰው ፊት ነው፣» አለችው። ሠራተኞቹ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ትራሱ አሁንም የማይረባ ነው። አንተ ግን አይደለህም።»

«ባትጠይቂኝም እኮ አልተቀየምኩሽም፣» አላት። «እርስዎ» ማለቱን ሲተው የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

በእጇ ጀርባ ጉንጩን ዳሰሰችው። ይሞቃል።

«ተጎድቻለሁ ማለት ነው?»

«ዝም በል። ሰው እያየን ነው።»

እሱም ቀዩን ከፋይ ቀዶ ስፖንጁን ለወንበር አደረገው።

የእናትየው ቁስል የተዘጋ ዕለት አጥብቃ አየችው፣ ዳሰሰችው፣ እንከን አጣችበት። ሥራዬ እዚህ አለቀ ብላ ቦርሳዋን ዘጋች። ከዚያም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ምነው ልጄ፣ አትሄጂም እንዴ?» አሉ እናትየው።

«ልጅዎ ዛሬ ገና አልተላጨም፣» አለቻቸው። «እስኪላጭ እጠብቃለሁ።»