አሥር ያላለው ሰዓት

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ ልክ በአሥር ሰዓት፣ የፈረደ ሰዓት «አሥር» ማለት ሲገባው «ዜሮ» አለ።

ፈረደ ቢቸና ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ሰዓቱን ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል፤ የሠራውም ከተጣለ የመለኪያ መሣሪያ በነቀላቸው አራት አሮጌ አምፖሎች ነው። በእያንዳንዱ አምፖል ሆድ ከቀጭን ሽቦ የተቀረጹ ቁጥሮች ተደራርበው ቆመዋል፤ ተራው የደረሰው ብቻ እንደ ፍም ይቀላል። በማግስቱ ሞጣ ላይ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋሙ የሚያዘጋጀው የፈጠራ ሥራ ውድድር አለ። አሸናፊው በማሠልጠኛው መምህር ሆኖ ይቀጠራል።

«አንድን» ማብራት የነበረበትን የመጀመሪያውን አምፖል ነቀለው። ጫፉ ነጥቷል። አየር ገብቶበት ክረምት ላይ የሞተው፣ መሳቢያ ውስጥ የተጣለው አምፖል ነበር። ደህናውን ሰርቀው በድኑን ተክተውለታል። ሌላ መለዋወጫ የለም።

ፈረደ የጠራት ኢንስፔክተር ሰሎሜ ወዲያው ደረሰች።

«ከምሳ ወዲህ ማን ገባ?»

«ወይዘሮ ማናለሽ፣ ስልክ ልታሠራ። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ፋንታም ሽቦ ሊዋስ።»

እህል ነጋዴዋ ማናለሽ ተቆጣች። «እኔ የማውቀው ጤፍ ነው፣ ልጄ! ያንን ብልቃጥ ምን ላደርገው? ልቆላው?»

ፋንታ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ሰሎሜ ኪሱን አስገለበጠችው። የወጣው ግን ሳያስፈቅድ የወሰደው መፍቻ ብቻ ነው።

ወደ ፈረደ ተመለሰች።

«አምፖሉ ሲበራ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ሰዓቱማ ቀኑን ሙሉ...» ፈረደ ቃሉን ዋጠው። «ጧት። አሥራ ሁለትን ሲያሳይ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቁጥሩ አንድ አኃዝ ብቻ ስለሆነ ይህኛው አምፖል ሥራ የለውም፤ ጨልሞ ይውላል።»

«እንግዲያው የተሰረቀው ከምሳ በኋላ ነው ያለን ማን ነው?»

ፈረደ የሞተውን አምፖል አገላበጠ።

«ጨልሞ እንደሚውል ማን ያውቃል? የሞተው የት እንዳለስ?»

«የኔሰው» አለ በመጨረሻ። «ጎረቤቴ ነው፤ እሱም ጥገና ይሠራል። ግን እሱ ለውድድሩ በአምስት ሰዓት አውቶቡስ ሞጣ ሄዷል። ሁለት ሰዓት ላይ ሊሰናበተኝ መጥቶ...»

ዓይኑ መሳቢያው ላይ ቀረ።

ረቡዕ ማለዳ፣ ውድድሩ ሳይከፈት፣ ሰሎሜና ፈረደ የኔሰውን ሞጣ አዳራሽ በር ላይ አገኙት።

«ትናንት ከምሳ በኋላ እዚሁ ነበርሁ!» አለ፣ ገና ሳይጠየቅ።

«ስለ ምሳ ያነሣሁት ነገር አለ?» አለች ሰሎሜ።

የኔሰው አንገቱን ደፋ። ከደረት ኪሱ በጥጥ የተጠቀለለ አምፖል አወጣ። ፈረደ በሁለት እጁ ተቀበለው፤ ይዞት ወደ አዳራሹ ገባ።

«ለምን?» አለች ሰሎሜ፣ ማስታወሻዋን ገልጣ።

«ሰዉ የእሱን ሰዓት የሚያየው የእኔን ሱቅ ግድግዳ ተደግፎ ነው። ሰዓቱ ከተሠራ ወዲህ ጀርባቸውን ብቻ አየሁ። ግድግዳዬን አሳደፉት፤ ፊቱን ወደ እኔ ያዞረ ግን አንድም ሰው የለም።»

«ታዲያ ለምን አልሰበሩትም?»

የኔሰው ወደ አዳራሹ አየ።

«ያምራላ» አለ።

ሰሎሜ ብዕሯን አነሣች።

«ስርቆቱን ይጻፉት» አላት በልመና። «ያምራል ያልሁትን ግን አይጻፉት። ፈረደ ያነበዋል።»