ሁለቴ፣ ዕረፍት፣ ሁለቴ

ሁንዴሳ ላፍቶ ወዳለው የደንበኛው ግቢ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሬሳውን ሳይሆን የራሱን መኪና ማንሻ ክሪክ ነው። ክሪኩ በጎኑ ወድቋል፤ ነጯ ቶዮታ ባለቤቷ አቶ ገሠሠ ላይ ተኝታ፣ ከሥሯ ሁለት እግሮች ብቻ ይታያሉ።

«ክሪኩ የማነው?» አለ ፖሊሱ።

«የእኔ ነው። ትናንት ጎማ ልቀይር ሲሉኝ አውሼያቸው ነው።»

ካቴናው እጁ ላይ ገባ። በዚያ በ1990 ዓ.ም. ሰኔ አንድን መካኒክ ገዳይ ለማለት በእጁ ያለው ግራሶ ይበቃ ነበር! ሁለቱ ልጆቹ ዓይኑ ላይ መጡበት።

ሦስት ሰዓት ላይ መርማሪዋ መቶ አለቃ ከድጃ ደረሰች። ሬሳው ሲነሳ ጎንበስ ብላ የተፈነከተውን ማጅራት አየች። ከግንቡ ሥር የተቀመጡትን ሁለት የጎማ ማስደገፊያ፣ የታኮ ድንጋዮችም አየች። ከዚያ ወደ ሟች ታናሽ ወንድም ዞረች።

«አቶ ቸኮል፣ መጨረሻ ያዩዋቸው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ጋሼ ጠዋት ‹ያቺን ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራ የሞተር መብራት ላጥፋት› ብሎ ሥሯ ሲገባ ትቼው ወጣሁ። ይሄ ሰውዬ የዛገ ክሪክ ሰጥቶ ገደለው!»

«እርስዎስ፣ ወይዘሮ ፅጌረዳ?»

የሟች ሚስት መለሰች፦ «ለቅሶ ቤት ነበር ያደርኩት። ቅዳሜ መኪና ገጭቷት ያመለጠው፣ የጎረቤታችን የማሚቴ ለቅሶ።»

«መብራቱ ከመቼ ወዲህ ነው የሚበራው?»

«ከቅዳሜ። ቸኮል ጋርመንት ሰፈር ድረስ ነድቷት ሲመለስ ውሻ ገጨሁ አለን።»

ከድጃ ወደ ሁንዴሳ መጣች። «አቶ ሁንዴሳ፣ መብራቱ የሚለውን ማወቅ ይቻላል?»

ከጠዋት ጀምሮ ‹አቶ› ያለው አልነበረም። አውቃለሁ ቢል መኪናዋን የነካካው አንተ ነህ ሊባል፣ ገመዱን በገዛ አንገቱ ማጥለቅ ነው፤ አላውቅም ቢል ውሸት።

«ይ... ይቻላል። ከሞተሩ ክዳን፣ ከኮፈኑ ሥር ትንሽ ሣጥን አለች። ሁለት ቀዳዳዎቿን በሽቦ አገናኝቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን መክፈት ነው። መብራቱ ብልጭ እያለ የብልሽቱን ቁጥር ይቆጥራል። ለጋሽ ገሠሠም እኔው ነኝ ያሳየኋቸው፤ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ስለሆኑ ቶሎ ገባቸው።»

ኮፈኑ ሲከፈት ሽቦው ቀድሞ ተሰክቶ ተገኘ። ከድጃ ቁልፉን ከፈተች። መብራቷ ሁለቴ ብልጭ አለች፤ አረፈች፤ ሁለቴ ብልጭ አለች።

«ሁለት ሁለት የውሃ ሙቀት መለኪያው ነው» አለ ሁንዴሳ።

«እሱን ለመሥራት ከታች ይገባል?»

«ኧረ ቆሞ የሚሠራ ነው! ይኸው፣ ራዲያተሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ የመለኪያውን ሽቦ በጥሶታል።»

ከድጃ እጇን ከራዲያተሩ ፊት ሰደደች። ደም የደረቀበት፣ ጥለት ያለው የነጠላ ቁራጭ መዝዛ አወጣች።

«የማሚቴ ነው!» ፅጌረዳ ጮኸች።

ከድጃ ሁሉንም በመኪናዋ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«አቶ ገሠሠ ዛሬ ጠዋት መብራቱን አነበቡ፤ ሽቦውን ተከትለው የተገፋውን ራዲያተር አገኙ። ውሻ ይህን እንደማያደርግ ገባቸው። እዚሁ ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሱ ከኋላ ተመቱ፤ የወደቀባቸው መኪና ደረት ይሰብራል እንጂ ማጅራት አይፈነክትም። ገዳዩ ኮፈኑን ዘጋ፣ መኪናዋን በክሪኩ አንሥቶ ሥሯ አስተኛቸውና ክሪኩን ጣለው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ግን ጎማው ላይ ታኮ ሳያደርግ ሥር አይገባም። ድንጋዮቹ ያውና! ይህን ያደረገው የመኪና ሥራ ሁሉ በጀርባ ተተኝቶ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ነው። መካኒክ ቢሆን እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሽም። ሥሯ ሲገቡ አየሁ ያሉን ማን ነበሩ?»

ቸኮል ወደ በሩ አፈገፈገ፤ ፖሊሱ ክንዱን ያዘው።

«ፖሊስ ጋ እንሂድ አለኝ!» አለ እያለቀሰ። «የገዛ ወንድሙን!»

ፖሊሱ ካቴናውን ከሁንዴሳ እጅ ፈትቶ ቸኮል ላይ አጠለቀው። ከዚያ የሁንዴሳን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«አየህ፣ እውነት የተናገረ አይጎዳም።»

«ጠዋትም የተናገርኩት እውነት ነበር» አለ ሁንዴሳ።